ቮልሷን ባትሪ እናጉርሳት ወይስ ቤንዚኗን እንተውላት?

እስቲ አንባቢ ይፍረደኝ። የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ነገር አንገት ላይ በደረሰበት በዚህ ጊዜ፣ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ሞተር የሚነታረክ ሰው ቢያጋጥምዎ «ይሄስ ጠግቧል!» ማለትዎ አይቀርም። አልጠገብኩም። እንኳን ልጠግብ፣ የዚህ ጽሑፍ ክፍያ ራሱ ገና ሳይመጣ ለአከራዬ ተይዟል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ጦርነት ገብቷል። ተፋላሚዎቹ እኔና ታናሽ ወንድሜ ስንሆን፣ የምንፋለምባት ደግሞ አምስት ኪሎ፣ እናታችን ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመችው የአባታችን ቮልስ ነች።

አባታችን ይህችን ቮልስ የገዛት በ1971 ዓ.ም. ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ ላይ ነው። መምህር ነበር፤ የደሞዙን ነገር እናንተው ገምቱት። ስንት ዓመት እንዳጠራቀመላት የምታውቀው እናታችን ብቻ ናት። (እስከ ዛሬም ነገሩ ሲነሳ ደስ አይላትም። «በዚያ ገንዘብ የቤቱ ጣሪያ ይቀየር ነበር» ባይ ነች።) ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በደርግ ዘመን እንኳ አባታችን እሷን ከማቆም ራሱ ጦሙን ማደር ይቀለው ነበር። እኔ ክርስትና የተነሳሁት በእሷ ተጭኜ ሄጄ ነው። ወንድሜም ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣው በእሷ ነው። አባታችን ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ቮልሷም አብራው ያረፈች ይመስል፣ አልፎ አልፎ ተነስታ «ታታታታ» ብላ ሰፈሩን ቀስቅሳ ከመተኛት በቀር ከበር አትወጣም።

ታናሼ አንድ ቀን ምሳ ላይ እጁን ሳይታጠብ ተናገረው። «ሞተሯን ነቅለን ባትሪ እንግጠምላት!»

እሱ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጥበት ቤት ተቀጥሮ ስለሚሠራ አፉ ሁሉ ኪሎ ዋት ሆኗል። የተጋጨች የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና ባትሪዋ ተርፎ በርካሽ እንደሚገኝ፣ ልጆቹ በሁለት ሳምንት ገጥመው እንደሚያስረክቡ አስረዳን። እኔ እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ቮልስ ያለ ሞተሯ ምኗ ነው ቮልስነቷ? ቅርፊት አይደለችም እንዴ?

ይሁንና ሐቁን ላስቀድም። ልጁ ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን በከባድ ታክስ አጠረው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ተናገሩ። በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር አለፈ። ቮልስ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ ሂሳቡን ለእናንተ ልተወው። አንድ ጡረተኛ ከአምስት ኪሎ ተነስቶ ደብረ ዘይት ዘመድ ጠይቆ ልመለስ ቢል የወሩን አስቤዛ አቃጥሎ ነው የሚመለሰው።

ሐሳቡንም አልጠላሁትም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው ተነግሮናል። ውሃ ያለው፣ ነዳጅ የሌለው አገር ዶላሩን በጭስ ማውጫ ሲተፋ መኖሩ ጤንነት አይደለም። እኔን የከነከነኝ አካሄዱ ነው። ለመሆኑ ማን ተጠየቀ? ጋራዡ ተጠየቀ? መለዋወጫ ነጋዴው ተጠየቀ? ዕድሜ ልኩን ካርቡራቶር ሲያጥብ የኖረው መካኒክ «አንተስ ነገ ምን ትሆናለህ?» ተባለ? እኛ አገር መቼም ውሳኔ እንደ በረዶ ከላይ ነው የሚወርደው፤ የታች ሰው ድርሻ ጃንጥላ መፈለግ ነው። ግድቡም እዚያ ይሙላ እንጂ፣ እናታችን ቤት ሻማና ክብሪት ከመሳቢያው ተለይተው አያውቁም። ወንድሜ ስለ ባትሪ ሲሰብከን ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶበት በጨለማ ነው የጨረሰው!

በነገራችን ላይ የተከለከለው ማስገባቱ እንጂ መንዳቱ አይደለም። አገር ውስጥ ያለችውን ቮልስ የነካት የለም። ታዲያ ማን አስገደዳችሁ ትሉኝ ይሆናል። ኪሳችን ነዋ!

ይሄ ክርክር ደግሞ የእኛ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንጆቹም ተባልተውበታል፤ እነሱ የሚባሉት በጥንታውያኑ የስፖርት መኪኖች ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ ሲያገባ ሙሽራይቱን አሳፍሮ የታየው በጃጓር ኢ-ታይፕ ነበር። ኢ-ታይፕ በዘመኗ የጎረምሳ ሁሉ ሕልም የነበረች የስፖርት መኪና ነች። የዚያን ዕለቷ ግን ድምፅ አልነበራትም፤ ጃጓር ራሱ ሞተሯን አውጥቶ ኤሌክትሪክ ያደረጋት ነበረች። አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላው ማቅ ለበሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፖርሽ ስመ ጥሩዋን 911 ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የተደባለቀባት «ሃይብሪድ» አድርጎ ለገበያ ሲያወጣ ያው ጩኸት ተደገመ። እኔ በ911 ላይ የምጮኸው የለኝም። አዲስ ለሚወለድ ልጅ እንደ ዘመኑ ስም ይውጣለት። የሽማግሌን ስም መቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፖርሽን ያነሳሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ቮልስና ፖርሽ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የቮልስን ንድፍ ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋ የፖርሽ ስፖርት መኪና፣ 356፣ ስትወለድም ብዙ የውስጥ አካሏ ከቮልስ የተወሰደ ነበር። እኔም ይህንን ይዤ ወንድሜ ላይ ዘመትኩ። «የምትቆርጣት እኮ የፖርሽ እህት ነች! የሰውዬው የእጅ ሥራ ነች!» አልኩት።

ልጁ ስልኩን አወጣና አንድ ጥይት ተኮሰብኝ። ለካ ይኸው ፈርዲናንድ ፖርሽ ገና በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበችውን የኤሌክትሪክ መኪና የሠራ ሰው ነው! ሞተሮቿ በጎማዎቿ ውስጥ የነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የቤንዚን ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭላት፣ ዛሬ «ሃይብሪድ» የምንላትን ዓይነት ሠርቷል። ከቮልስ በፊት ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። «ሰውዬው ራሱ ቢነሳ ካቻቢቴውን ይዞ ያግዘኝ ነበር» አለ ወንድሜ። አጣራሁ፤ እውነቱን ነው። ታሪክ ከድቶኝ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

ግን እኔም ብሆን ባዶ እጄን አልነበርኩም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቮልስዋገን ራሱ ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ባትሪዋ 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጋ 200 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተባለላት። ጥሩ! ክብደቷስ? ድሮ 800 ኪሎ ገደማ የነበረችው ወደ 1,300 ኪሎ ተጠጋች። ለዚህ ብለው ሻንሲዋንና ፍሬኗን አጠናከሩት። እዚያ ይህን የሚያስብ መሐንዲስ አለ። እዚህ እኛ ዘንድ ግን «በሁለት ሳምንት ገጥመን እናስረክባለን» የሚሉት ልጆች ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል ሲተነፍሱ አልሰማሁም። እስቲ ያቺን አሮጌ ቮልስ፣ በዚያው በድሮ ፍሬኗ፣ የባትሪ መዓት ጭናችሁ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ልቀቋት! ከዚያስ ሊብሬው? ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ አልመሳከር ያለ ለታ የሚመላለሰው እኔ ነኝ፤ እሱማ ሥራ አለው።

ነገሩ ሲከርብኝ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ የምላቸው የአባቴ መካኒክ ናቸው። ጋራዣቸው ከእናቴ ቤት ቁልቁል፣ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ቮልስ ፈትተው ገጥመዋል። ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርገው ሦስተኛው ካንዴላ መድከሙን የሚነግሩ ሰው ናቸው። (የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ይህን የማያውቅ ልጅ የፊት ኮፈኗን ከፍቶ «ሞተሯን ሰርቀውባችኋል» ያለበትን ቀን ሰፈራችን አይረሳውም።)

እዚህ ላይ ለአፍታ ከመንገዴ ልውጣ። ጋሼ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚሉትን መስማት ብቻውን ታሪክ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ሰልባትዮ... ጣሊያን ተባርሮ ሲወጣ ቃሉን ይዞ አልሄደም። አባቶቻችን ቃሉንም ቁልፉንም ወርሰው አማርኛ አደረጉት። ዛሬ ጋሼ የሚያሠለጥኑት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «ካንዴላ» ሲል የጣሊያን ቃል መሆኑን አያውቅም። ለእሱ የአገሩ ቃል ነው። ይህ ሁሉ የእጅ ዕውቀት በትምህርት ቤት አልተሰጠም፤ ከዘይት ጋር ከእጅ ወደ እጅ ነው የተላለፈው። የኤሌክትሪኳ መኪና ስትበላሽ ግን የሚፈታ ብሎን የለም። የታሸገ ሣጥን ነው። ላፕቶፕ የያዘ ልጅ ይመጣል፣ ይሰካል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፤ «ሣጥኑ ይቀየር» ብሎ ይሄዳል። ሣጥኑ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። የነዳጅ ጥገኝነታችንን አራገፍን ስንል የሣጥን ጥገኛ እንዳንሆን የሚል ስጋት አለኝ። ቮልስን የወደድናት ስለ ቅርጿ ብቻ መሰላችሁ? ከፍተን ማየት የምንችላት መኪና በመሆኗ ጭምር ነው።

ጋሼ «ይሄ ወንድምህ አብዷል» እንዲሉልኝ ጠብቄ ነበር። አላሉም።

«ስማ ልጄ» አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፤ «የዚች ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በስንት ብሎን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ?»

«በአራት። አራት ብሎን! ገመዱንና ሽቦውን ነቅለህ፣ የቤንዚን ቱቦውን ዘግተህ፣ አራቱን ብሎን ፈትተህ ከሥሯ ታወርደዋለህ። እኔ ጎረምሳ ሆኜ ቡና እስኪፈላ አወርደው ነበር። የወረደ ደግሞ ይመለሳል። ችግሩ ማውረዱ አይደለም። ችግሩ እነዚህ ልጆች ግራይንደር ይዘው የመጡ ለታ ነው። ባትሪ አልገባ ሲላቸው ወለሏን ይቆርጣሉ፤ የኋላዋን ይቆርጣሉ። ከተቆረጠች በቃ፣ ሌላ መኪና ሆነች።»

ይህን ሰምቼ ከጋራዡ ስወጣ ነው ነገሩ የበራልኝ። እኔና ወንድሜ ለካ የምንጣላው በማይሆን ነገር ነው። እሱ «ይነቀል» እኔ «አይነቀል» ስንል፣ ዋናው ጥያቄ ሌላ ኖሯል። መፍታት ነው ወይስ መቁረጥ?

ጋሼ ሳያውቁት የተናገሩትን ፈረንጆቹ በደንብ አስፍረውታል። ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ሞተሯ ወጥቶ ኤሌክትሪክ የሆነች መኪና በእሱ መዝገብ «ጥንታዊ» ተብላ እንደማትቆጠር በግልጽ ተናግሯል። ለመለወጥ የቆረጠ ባለቤት ካለ ግን ለውጡ የሚመለስ እንዲሆን፣ የወጣው ዕቃ ሁሉ ምልክት ተደርጎበት እንዲቀመጥ ይመክራል። ጃጓርም ያቺን የሙሽሮች መኪና ሲሠራ ኤሌክትሪኩ ወጥቶ የድሮ ሞተሯ ሊመለስ እንዲችል አድርጎ ነው።

ስለ መቁረጥ ካነሳን ዘንዳ፣ ከጋሼ ጋራዥ ቁልቁል ብንወርድ ፒያሳ ነን። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ የሆነውን አይተናል። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ አማረ፤ አልዋሽም፣ ማታ ሲሄዱበት ደስ ይላል። ያ የፈረሰው ግን የሚመለስ ነው? በሩ፣ የእንጨት ሰገነቱ፣ መስኮቱ ምልክት ተደርጎበት የተቀመጠበት መጋዘን የት አለ? የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ሄጄ ባይ ደስ ይለኛል። መታደስ የሚጠላ ሰው የለም። የፈታ ግን መግጠም ይችላል። የቆረጠስ?

ለቮልስ ደግሞ በዚህች አገር ልዩ ጥንቃቄ ቢደረግላት አይበዛባትም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን ነበር። ያ ሁሉ ሮልስ ሮይስ ባለበት ግቢ! የሦስት ሺህ ዓመት ሥርወ መንግሥት ነኝ ያለ መንግሥት ያከተመው በሕዝብ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው። «ቮልስዋገን» በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ያቺ መኪና ዛሬ ከፊታችሁ ብትቆምና ኮፈኗን ስትከፍቱ የቻይና ባትሪ ብታገኙ! ድምፅዋን መስማት አትፈልጉም? ያን ዕለት ጃንሆይ የሰሙትን?

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለእማዬ ሰበክኋት። «ቮልሷ ቅርስ ነች እኮ!» አልኳት። እሷ ጉልበቷን እያሸች ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፦

«ቅርስ ከሆነች ሙዚየሙ እዚሁ ነው፤ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ አድርሱልኝ» አለች። እውነትም ብሔራዊ ሙዚየም ከቤታችን እፍኝ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ድንቅነሽ ጎረቤታችን ነች። ቀጥላ ግን ያመመኝን ተናገረች። «የቆመ መኪና ቅርስ አይደለም፤ የዶሮ ማደሪያ ነው። አባታችሁ ይነዳት ነበር። እኔ እሑድ ሥላሴ በእግሬ መድረስ አቅቶኛል። ድምፅዋን እወዳለሁ፤ ጭሷን ግን ሳንባዬ አልቻለም። በምን እንደምትሄዱ እናንተ ተነጋገሩ፤ ብቻ ትሂድ።»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? ከአምስት ኪሎ ሥላሴ ደርሶ ለመመለስ 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባትሪ አያስፈልግም፤ ሩቡም ይበዛል። ባትሪው ካነሰ ክብደቱ ያንሳል፣ ፍሬኑም ይችለዋል። አንድ ነገር ደግሞ ለኤሌክትሪኩ ልመስክርለት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር እዚህ ጉልበቱን ወደ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። አባታችን ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ወደፊት እየተወዘወዘ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» የሚላት ለዚህ ኖሯል! የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይከብደውም።

ስለዚህ እጄን ሰጥቻለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ለወንድሜ ያስቀመጥኩለት ሁኔታ አለ። ግራይንደር የያዘ ሰው ግቢያችን አይገባም። የኤሌክትሪኩ ሞተር በእነዚያው በአራቱ ብሎኖች ቦታ፣ በነበረው ካምቢዮ ላይ ይታሰራል። ባትሪው ባለው ክፍት ቦታ ልክ ይሁን እንጂ ቦታው በባትሪው ልክ አይቆረጥም። ሥራውንም ጋሼና ላፕቶፕ የሚያውቅ ልጅ አንድ ላይ ይሥሩት እንጂ አንዱ አንዱን አባርሮ አይሁን። የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤቱ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ አምስት ኪሎ ነው ያለው። እነዚያ ወጣት መሐንዲሶች አሮጌ መኪና ሳይቆረጥ የሚገጠምበትን መሣሪያ ቢሠሩልን፣ ጋሼን የመሰሉ ሰዎችን ደግሞ አንድ ሰኞ ከሰዓት ጠርተው እጃቸውን ቢያዩ ምን ይጎድልባቸዋል? አዋጅ አውጪዎቹም ቢሆኑ ይህን ዓይነት ሥራ እንዴት እንደሚመረመርና ሊብሬ ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ ግልጽ አድርገው ይንገሩን፤ ቮልስ ያለው ሰው በየቢሮው ደጅ እንዳይጠና።

መኪናዋን ጨርሶ ለመንካት እንቢ የሚል ካለም፣ ቤንዚኑን በራሱ ኪስ እስከገዛ ድረስ ማንም ዓይኑን እንዳያፈጥበት። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ የምትል ቮልስ አይደለችም የከተማውን ሰማይ ያጠቆረችው። ያጠቆሩት ጥቁር ጭስ እየተፉ ሌት ተቀን የሚመላለሱት ናቸው፤ ታርጋቸውን ማየት የፈለገ ያያል።

ቀኑ ለፊታችን ቅዳሜ ተቆርጧል። ጋሼ ሞተሩን ሲያወርዱ ካንዴላዎቹን አውጥተው በየቀዳዳው ዘይት እንደሚያፈሱበት ነግረውኛል፤ ውስጡ እንዳይዝግ። እያንዳንዱን ሽቦና ቱቦ ወረቀት አስሬበት ስሙን እንድጽፍ ታዝዣለሁ፤ «በአንተ ጽሕፈት ይሁን፣ የወንድምህ አይነበብም» ተብሏል። ሞተሩ በላሜራ በተለበጠ የእንጨት ሣጥን ገብቶ እማዬ አልጋ ሥር ይቀመጣል። የሣጥኑን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ግን እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ከወንድሜ ጋር አልተስማማንም።